በፓራሹት ኪስ የተገኘ ደብዳቤ

እኛ ቤት ዕቃ ማሸግ ሁሉም ይችልበታል፤ መፍታት ግን ማንም አይወድም። ይህ ስድስተኛው የአየር ኃይል ምድባችን ነው። አባዬ የበረራ ደህንነት ኃላፊ ኮሎኔል ስለሆነ አዲስ ምድብ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚላከው እሱ ነው። እሱ ሲላክ እማዬ፣ ታናሽ እህቴ ሚጢና እኔ ከሳጥኖቹ ጋር አብረን እንጫናለን። በየሳጥኑ ላይ ውስጡ ያለውን ነገር የምጽፈው እኔ ነኝ። «ወጥ ቤት፣ ተሰባሪ»። «መጻሕፍት»። «የአባዬ ጫማዎች»። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝም ከዚህ ሹመት የሻረኝ የለም።

አዲሱ ምድብ የተሠራው ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ነው። የመኮንኖቹ ቤቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በራቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ጣራቸው አንድ። ሚጢ በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰው ቤት ገብታ፣ ቦርሳዋን ወርውራ፣ «እማዬ ራበኝ» ስትል አንዲት የማታውቃቸው ሴትዮ ዳቦና ሻይ አቅርበውላታል። እማዬ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻውን ቀጠለ። «ቡና ጠጡ» የሚላት ጎረቤት ካጣች ሰንብታለች። ነፋሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይውላል። ሰው መጣ ብለን በር እንከፍታለን፤ ማንም የለም።

እኔም የምጠብቀው ሰው ነበረኝ።

በቀድሞው ምድብ ሰው ሁሉ «ጃንጥላው» ይለዋል። ማዕረጉ አስር አለቃ፣ ሥራው ፓራሹት ማጠፍ ነው። አብራሪ አየር ላይ ሞተር ቢጠፋበት የሚተርፈው በሱ እጥፋት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፓራሹት በየአራት ወሩ ይፈታል፣ ከፍ ካለ ጣራ ላይ ተሰቅሎ ይናፈሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። ያጠፈው ሰው ቀኑንና ፊርማውን በትንሽ ካርድ ላይ አስፍሮ በፓራሹቱ ጎን ባለችው ኪስ ይከታል። ጃንጥላው ሲያጥፍ አይናገርም። መሐል ላይ ካናገሩት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህን ሳላውቅ አንድ ጠዋት የአባዬን መልእክት ይዤ ገባሁና ደህና አደርክ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ደህና አደርሽ አለኝ፣ ከዚያ ሊጨርሰው ጥቂት የቀረውን ፓራሹት ሙሉ በሙሉ ፈታው። ጠልቶኛል ብዬ ወጣሁ። በኋላ ሲነግረኝ ግን ያን ቀን እጁ አልታዘዝ ብሎት ሦስት ጊዜ ነው የፈታው።

የኮሎኔል ልጅና አስር አለቃ በአንድ መንገድ ላይ ሰላም ይባባላሉ እንጂ አብረው አይሄዱበትም። እኛ ግን ዓመት ሙሉ በፓራሹት ክፍሉ ደጃፍ ግራና ቀኝ ቆመን፣ ሰው ሲመጣ ስለ አየሩ ሁኔታ፣ ሰው ሲሄድ ስለ ራሳችን እያወራን ልብ ለልብ ተግባባን። በምድቡ ውስጥ የአየሩን ሁኔታ የእኛን ያህል ያጠና ሰው አልነበረም። ከባድ መኪናው ሳጥኖቻችንን ጭኖ ሲነሳ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር። እጁን አላነሳም፤ አባዬ ያይ ነበራ። በዋዜማው ግን እጽፍልሻለሁ ብሎኛል።

አልጻፈም።

ሰበብ ስፈልግለት ከረምኩ። ወደ ምድቡ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ፖስታ ክፍሉ ውስጥ በአባወራው ስም ሥር ስለሚቀመጥ፣ ለኔ የተጻፈ ቢኖር ቀድሞ የሚያገኘው አባዬ ነው። ስልኩ በማዞሪያ ነው፤ የማዞሪያዋ ሠራተኛ ደግሞ የሰውን ጉዳይ ከባለጉዳዩ ቀድማ ትጨርሳለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የወደደ ሰው መላ አያጣም ብዬ የማምን ግትር ነኝ። አንድ ወር ሲሞላ ተቸግሮ ነው አልኩ፤ ሁለት ወር ሲሞላ ዝምታውም ራሱ መልስ ነው አልኩ። ማታ ማታ እማዬ ምን ሆነሽ ስትለኝ ነፋሱ ነው እላት ነበር።

አባዬ ሥራ ፈትቼ ስቆዝም አይቶ በንብረት ክፍሉ ጸሐፊነት አስቀጠረኝ። አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት የቁልፍ ብዛት እትዬ ቁልፍ እንላቸዋለን። አዲሱ ምድብ ገና የፓራሹት ክፍል ስላልተሠራለት፣ አራት ወር የሞላቸው ፓራሹቶች በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ወደ ቀድሞው ምድብ ይላካሉ። የነሱን መዝገብ የምይዘው እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ካርድ ከኪሱ ስስብ ፊርማውን አየሁት። ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል ፊርማ ነው። በምድቡ ካሉት ፓራሹቶች ሃያ ስምንቱን ያጠፈው እሱ ነበር። ለጨርቅና ለገመድ ሃያ ስምንት ጊዜ የጻፈ እጅ ለኔ አንድ መስመር አቃተው ብዬ ተናደድኩ። ንዴቴም ብዙ አልቆየም፤ እትዬ ቁልፍ ለምሳ ሲወጡ ካርዱን በጣቴ እየዳሰስኩ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሴት ስታደርግ ባይ ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሱንም የኔንም ስም አልጻፍኩበትም።

«እዚህ ነፋሱ ጣራውን ያንኳኳል። በር እከፍታለሁ፤ አንተ አይደለህም። ከረሳኸኝ ንገረኝ። ረስቶኝ ይሆን፣ አልረሳኝ ይሆን እያልኩ መክረም አቃተኝ። ብዙ አትጻፍ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ክፉም ቢሆን ካንተ ልስማው።»

ሁለት ጊዜ አጥፌ ከካርዱ ጀርባ በኪሱ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ደርሶ ኪሱን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ከፖስታ የተሻለ መንገድ አገኘሁ ብዬ ልቤ ዘለለ።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ፓራሹቶች ግን ሁለት ዓይነት ነበሩ። ገሚሶቹ አራት ወር ሞልቷቸው የሚላኩ ናቸው። ገሚሶቹ ደግሞ አውሮፕላኖቹ ሲታጠቡ ለአንድ ቀን ብቻ የወጡ፣ ጊዜያቸው ያልደረሰ። የንብረት ክፍል ሰው ካርድ ሲያነሳ ቀድሞ የሚያየው ቀኑን ነው። እትዬ ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ እሱን ነው፤ ከሱ ሌላ ያስተማሩኝ ነገርም ብዙ የለም። እኔ ግን ያየሁት ፊርማውን ነበር። እሳቸው ማምሻውን በቀናቸው ለያይተው፣ የሚላኩትን ወደ በሩ፣ የማይላኩትን ወደየአውሮፕላናቸው መለሱ።

ሐሙስ ዕቃ ጫኙ ሲነሳ በመስኮት ሸኘሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ደርሷል አልኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪሱን ከፍቷል አልኩ፣ ማታ ላይ አንብቦ ጨርሷል አልኩ። ደብዳቤዬ ግን ከኔ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ በአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከመጣን ወዲህ ደስ ብሎኝ ያደርኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

*

አርብ ጠዋት ምድቡ ጸጥ አለ። የአውሮፕላን ድምፅ ለለመደው ሰው አይሰማም፤ ሲቀር ግን ጆሮ ይጮሃል። እትዬ ቁልፍ ወሬውን ይዘው መጡ። አንድ ሻምበል ሊበር ወደ አውሮፕላኑ ወጥቶ የፓራሹቱን ካርድ ለማየት ኪሱን ሲከፍት የታጠፈ ወረቀት አገኘ፤ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ ለበላይ አስረከበው። ከፓራሹት ጋር ከካርዱ በቀር ምንም ነገር አይገባም፤ ኪሱ ውስጥ ወረቀት የረሳ ሰው ጨርቁ ውስጥ ምን እንደረሳ ማን ያውቃል። ስለዚህ ያ ፊርማ ያለባቸው ፓራሹቶች ሁሉ እስኪፈቱ ድረስ በረራ ቆሟል። ያጠፈው ሰውም ከቀድሞው ምድብ ተጠርቷል።

«የፍቅር ደብዳቤ ነው አሉ» አሉ እትዬ ቁልፍ። «እኔ በዕድሜዬ አንድ አልደረሰኝም፤ ለፓራሹት ግን ይጻፍለታል።»

እንድስቅ ስለጠበቁ ሳቅሁ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ የረቡዕን መዝገብ ገለጥኩ።

ለምሳ ቤት መጥቶ የማያውቀው አባዬ ያን ቀን መጣ። በረራ ስለሌለ ነው ብላ እማዬ ደስ አላት። ሥራ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው አልኩት። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ገና ያልተፈቱ ሳጥኖች ነበሩና «ወጥ ቤት፣ ተሰባሪ» ያልኩበት ፊት ቆመ። መነጽሩን አደረገ። የሦስት ቃል ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቆሞ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ወደኔ ሳይዞር ወጣ።

ደብዳቤው ያለው እሱ ዘንድ እንደሆነና ጽሕፈቴን እንዳወቀው ገባኝ። ቢቆጣ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰውን ስህተት አድኖ ሲመዘግብ የኖረ ሰው የልጁን ስህተት በኪሱ ይዞ ሲሄድ ከጀርባው ማየት፣ ብቻውን መሆኑን ማየት ነው። እኔም ብቻዬን ነበርኩ። በአንድ ቤት ውስጥ ያው አንድ ነገር ለሁለት ከፍሎን ተቀመጠ።

*

ሰኞ ጠዋት ሃንጋሩ ተጠርጎ ረጅም ጠረጴዛ ገባ። አባዬ ሰብሳቢ ሆነ፤ ከበራሪዎቹ ወገን አንድ ሻለቃ፣ ወረቀቱን ያገኘው ሻምበልና እትዬ ቁልፍ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ቁጥርና ቀን እያነበብኩ፣ የተገኘውን እየመዘገብኩ እንድቀመጥ ታዘዝኩ።

ጃንጥላው ገባ። ከስቷል። በሩ ላይ አየኝ፤ ዓይኑ አንዴ ቆሞብኝ ሄደ፤ ከዚያ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አለፈኝ። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ፊት ለማየት ስመኝ ኖሬ፣ ሳየው የተመኘሁት ጠረጴዛው ሥር መግባትን ነው።

ሻለቃው ፊርማው ያንተ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የኔ ነው ጌታዬ አለ። አባዬ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። «ይህስ?»

ጃንጥላው ተቀበለና ከፈተው። እዚያ፣ አራት ሰው እያየ፣ ደብዳቤዬን ሲያነብ ፊቱን አየሁ። አጭር ደብዳቤ ነው፤ እሱ ግን አልቸኮለም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እኔ ባጠፍኩት መስመር፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክሎ መልሶ አጠፈው። አልረሳኝም ነበር። ይህን ለማወቅ ቃል አላስፈለገኝም።

«የኔ ነው ጌታዬ» አለ። «ሳጥፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳይታወቀኝ ከካርዱ ጋር ገብቷል።»

ማን እንደጻፈለት ተጠየቀ፤ የግል ጉዳይ ነው አለ። ሻለቃው ወረቀቱን ልየው ሲል አባዬ ቀድሞ ተቀበለና የግል ጉዳይ ለምርመራው አይጠቅምም ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። ሻለቃው ሁለት መስመር ብቻ ቢያነብ ነገሩ ያበቃ ነበር። ደብዳቤው ስለዚህ ሜዳ ነፋስ ያወራል፤ ፓራሹቱ የታጠፈው ከሦስት ወር በፊት በሌላ ምድብ ነው። እዚህ ረግጦ የማያውቅ ሰው ያን ወረቀት ሊረሳው አይችልም። አባዬ ይህን ያውቃል። ጃንጥላውም ያውቃል። ሁለቱም በየፊናቸው እኔን ሸፈኑኝ፤ አንዱ ሌላውን ሳያየው።

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። «ቁጥር አንድ» ብዬ አነበብኩ። ፈሪ ነኝ፤ ለራሴ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

ጨርቁ በሃንጋሩ ወለል ላይ ሲዘረጋ ነጭ ነበር። አራቱም ዞረው አዩት፣ ገመዱን ቆጠሩ፣ ምንም አልተገኘም። ጃንጥላው ተንበርክኮ መልሶ አጠፈው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አብራሪዎች እየመጡ በር ላይ ቆመው እጁን ያያሉ። በቀድሞው ምድብ ሳሉ ትከሻውን ሳይመቱት የማያልፉት ሰዎች አሁን እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እሱ ቀና አላለም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ዋለ። ማምሻውን አሥራ አራት ጊዜ «ንጹሕ» ብዬ ጽፌ፣ አንዴም እውነቱን ሳልናገር ወደ ቤት ሄድኩ።

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አባትሽ ከአርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም አለችኝ። ምን እንደሆነ እንዳልነገራት፣ እሷም እንዳልጠየቀችው፣ ግን ሸሚዙን ስታጥብ ከኪሱ ወረቀት አውጥታ መልሳ እንዳስቀመጠችለት እንደ ቀላል ነገር አወራችኝ። ማንበቧን አልነገረችኝም። የምትነግረኝም አልነበረችም።

«ልጄ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አባትሽ ለማንም ዋሽቶ አያውቅም። ላንቺ ሲል ብቻ ነው የሚዋሸው። አታስለምጂው።»

 የሚጢን ካልሲ ተቀብያት አብሬያት አጣጠፍኩ።

*

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፓራሹት ተዘረጋ። ንጹሕ ነበር። ሃያ ስምንቱም ንጹሕ ነበሩ። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ የኮሚቴውን ሐሳብ አነበበ። እጥፋቱ እንከን ባይገኝበትም አስር አለቃው የግል ወረቀት ከፓራሹት ጋር መርሳቱን ስላመነ፣ የማጠፍ ፈቃዱ ተሰርዞ ወደ ነዳጅ ማከማቻ ጥበቃ ይዛወራል። ጃንጥላው ቆሞ ሰማ። «ፈቃዱ ተሰርዞ» ሲባል እጆቹን ወደ ኋላ ወሰዳቸው።

ወረቀቱ ለፊርማ ወደ አባዬ መጣ። አባዬ እስክርቢቶውን ከፈተ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ቆየ።

ከወንበሬ ስነሳ አላሰብኩበትም።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ኪሱ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ፤ ባለፈው ረቡዕ፣ እዚሁ ንብረት ክፍል። ይላካል ብዬ ነው። ፊርማውን እንጂ ቀኑን አላየሁም። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።»

የእትዬ ቁልፍ ቁልፎች ሳይቀሩ ዝም አሉ። ጃንጥላው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣና ልጅቷ እኔን ለማዳን ብላ ነው ጌታዬ አለ፣ ድምፁ እየተሰባበረ።

«ተው ልጄ» አለው አባዬ።

ልጄ ያለው አስር አለቃውን ነበር። እስክርቢቶውን ዘጋው። ወደ ሻለቃው ዞሮ እውነቷን ነው አለ፤ ጽሕፈቷን አርብ ዕለት አይቼ አውቄዋለሁ አለ። ሻለቃው ጣራውን አየ። እኔም ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ አባዬ ግን ወደኔ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ» አለ። «ተቀመጪና ጻፊ። የበረራ ደህንነት ኃላፊው ማስረጃውን አርብ ዕለት አውቆ እስከ ዛሬ ደብቋል።»

«አባዬ...»

«ጻፊ።»

ተቀመጥኩ። በየሳጥኑ ላይ ስጽፍ በኖርኩበት በዚያው ጽሕፈት የአባቴን ጥፋት ጻፍኩ። ቀለሙ በእንባዬ እንዳይበላሽ ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ነበር። ሲያልቅ ወስዶ አነበበው፣ ፈረመበት፣ ለሻለቃው ሰጠው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ደብዳቤዬን አውጥቶ ጃንጥላው ፊት ቆመ።

«ይህ ላንተ የተጻፈ ነው» አለው። «ማዘግየት አልነበረብኝም።»

ጃንጥላው በሁለት እጁ ተቀበለው። እንዲህ ያፈርኩበትና እንዲህ የኮራሁበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ሁለቱ አብረው መጡ።

ሐሳቡ እንደገና ተጻፈ። የጃንጥላው ፈቃድ አልተነካም፤ ለሐሰት ቃሉ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ዝውውርም ለአንድ ዓመት ተከለከለ። እኔ ከሥራዬ ተሰናበትኩ። የአባዬ ጉዳይ ለበላይ ተላከ። ሰዎቹ ሲበተኑ ወረቀቱን ያገኘው ሻምበል ቀረ። የመጨረሻው ፓራሹት እስኪታጠፍ ጠብቆ፣ ካርዱን አይቶ፣ ትከሻው ላይ ሰቀለው። ነገ የምበረው በዚህ ነው አለ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው። ጃንጥላው ያን ጊዜ ነው ወለሉ ላይ የተቀመጠው።

እትዬ ቁልፍ የማይቆለፍ በር ሊቆልፉ ወደ ሃንጋሩ ማዶ ሄዱልን። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ወለል ነበር።

ለምን እንዳልጻፈልኝ ሳልጠይቀው ነገረኝ። እዚህ የፓራሹት ክፍል ሲከፈት ለመምጣት ዝውውር ጠይቆ ነበር። ማመልከቻው አባዬ ጠረጴዛ ላይ ነው። በአባዬ ስም ሥር አንድ ደብዳቤ ቢገኝ ሁሉም ነገር ያበቃለታል ብሎ ፈራ። መጥቶ በራችንን ራሱ ሊያንኳኳ ነበር ያሰበው። አሁን አንድ ዓመት አይመጣም። ያዘገየሁት እኔው ነኝ።

«ዘጠኝ ዓመት አጥፌያለሁ» አለ። «አንድም ሰው እጄን አይቶ አያውቅም። እኔ ያጠፍኩትን ይለብሳሉ፣ ይሄዳሉ። ትናንትና ዛሬ ግን እጄን ሲያዩ ዋሉ።»

ይቅርታ አልኩት። ትንሽ ቃል ነበረች፤ ሌላ አልነበረኝም።

«ተቆጥተኸኛል?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ?»

እንደ ሁሉም ነገሩ አስቦበት መለሰ። «እንጃ። ጠዋት እሄዳለሁ። እጽፍልሻለሁ። እንደተቆጣሁም ብሆን እጽፍልሻለሁ።»

ደብዳቤዬን የያዘው እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። እጄን ከአጠገቡ አሳረፍኩ። አልነካኝም፤ አልራቀኝምም። የሰው ልጅ ተቆጥቶ እንዲህ ሊቀርብ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት በረራ ተጀመረ። ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ሚጢ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች፤ እማዬ በሰላም ይመለሱ አለች። አባዬ ዩኒፎርሙን ለብሶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ከበላይ የሚመጣውን አያውቅም፤ ምናልባት ሌላ ምድብ፣ ምናልባት ጡረታ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አስቆመኝ። ያ ልጅ ሲጽፍልሽ ፖስታው ላይ የኔን ስም ሳይሆን ያንቺን ይጻፍ አለኝና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ጃንጥላውን ሊመልስ ከተራው ውጭ የመጣው ዕቃ ጫኝ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የትኛው የሱ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉንም አየኋቸው። ተነሳ፣ ጠበበ፣ ሰማዩ ላይ ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ነጥቡም ሄደ። ሜዳው እንዳለ ቀረ።

ስድስት ምድብ ስንዞር ሁልጊዜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። የሚሄድ ሰው መንገድ አለው፤ ከፊቱ የሚያየው አዲስ ነገር፣ የሚያማርርበት አዲስ ቤት አለው። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ በሃያ አራት ዓመቴ ያን ጠዋት ተማርኩ። ሁለት ወር ሙሉ የተተውኩት እኔ ነኝ ብዬ አልቅሼ ነበር። እሱን ትቼው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አጥሩን ይዤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ሳይሆን ለሱ አለቀስኩ።